ለባስ ዓሣ ዘንግ፣ ማጠንጠኛና ክር ስለ መምረጥ

የባስ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ለመግዛት የተነሳ ሰው ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በማጠንጠኛው ላይ ነው። የሚያብረቀርቀውና በእጅ ይዘው ሲያዞሩት ደስ የሚለው እርሱ ስለሆነ ገንዘቡም በአብዛኛው ወደዚያው ይሄዳል፤ ዘንጉ ከማጠንጠኛው ጋር እንዲመጣጠን ተብሎ ይመረጣል፣ ክሩ ደግሞ መጨረሻ ላይ ከመደርደሪያው ከተገኘው ይጨመራል። በዚህ ግምገማ የምከራከረው ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ እንዳለበት ነው። ምርጫው መጀመር ያለበት ከሚወረወረው ማባበያ ክብደትና ከሚወረወርበት ቦታ ሲሆን፣ ቀጥሎ ክሩ፣ ከዚያ ዘንጉ፣ በመጨረሻም ማጠንጠኛው ሊመጣ ይገባል።

ምክንያቱ ከዓሣው ጠባይ ይነሳል። አፈ ሰፊው ባስ አድብቶ የሚያድን ዓሣ ነው፤ በውሃ አረም መሃል፣ በወደቀ ግንድ ሥር ወይም በጀልባ ማቆሚያ ጥላ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቅና በአጭር ርቀት ተወርውሮ ይውጣል። ዘመዱ አፈ ጠባቡ ባስ ደግሞ ጥርት ያለና ቀዝቀዝ ያለ ውሃን፣ ድንጋያማ ወለልንም ይመርጣል። በመጠን ረገድ ሁለቱም ግዙፍ አይደሉም። ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የያዘው አፈ ሰፊ ባስ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ ማለትም ወደ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ እ.ኤ.አ. በ2009 ከቢዋ ሐይቅ ያወጣው ከዚያ የበለጠው በጥቂት ግራሞች ብቻ በመሆኑ ሁለቱ የዓለም ክብረ ወሰኑን ይጋራሉ። በተለምዶ የሚያዘው ባስ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጠንካራ ዕቃ የሚያስፈልገው ክብደት ለማንሳት ሳይሆን፣ ዓሣው መንጠቆ በያዘው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ወደ አረሙ ተመልሶ እንዳይጠመጠም ለማውጣት ነው። አረምና ግንድ በሌለበት ክፍት ውሃ ላይ ያንኑ ዓሣ በቀጭን ክርና በለስላሳ ዘንግ ያለ ችግር መያዝ ይቻላል።

በገበያ ላይ ያለው ክር በሦስት ወገን ይከፈላል፤ እነዚህም ነጠላ የናይሎን ክር፣ ፍሎሮካርቦንና የተጎነጎነ ክር ናቸው። ናይሎን ርካሽ፣ ለስላሳና ለመቋጠር ቀላል ነው። ሲጎተት ብዙ ይለጠጣል፤ ይህ ጠባዩ እንደ ጉድለት ቢነገርም ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ የተገጠመላቸውንና ውሃ ላይ እየተንሳፈፉ የሚጎተቱትን ማባበያዎች ለሚጠቀም ሰው ግልጽ ጥቅም አለው። ዓሣው ድንገት ሲመታ የክሩ መለጠጥ ንዝረቱን ስለሚያለዝበው ማባበያው ከአፉ ቶሎ አይነጠቅም፤ ክሩ በቀላሉ የማይሰምጥ መሆኑም የማባበያውን አፍንጫ ወደ ታች ከመጎተት ያድነዋል። ድክመቱ ውሃ መምጠጡና በፀሐይ ብርሃን መጎዳቱ ነው፤ ርሶ የቆየ ናይሎን ደረቅ ሳለ የነበረውን ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ አይዝም። በርክሌይ ትራይሊን በሚል ስም ከሚሸጡት የናይሎን ክሮች መካከል ኤክስኤል ለስላሳና ለመወርወር የሚመች ሲሆን ኤክስቲ ደግሞ ሻካራ ነገር ሲነካው የበለጠ የሚቋቋም ነው። ለባስ ከሁለቱ ኤክስቲን እመርጣለሁ፤ ልስላሴው ቢቀንስም በግንድና በድንጋይ አጠገብ የሚሰጠው መተማመን ይበልጥብኛል።

ፍሎሮካርቦን ከናይሎን ፈጽሞ የተለየ ፕላስቲክ ነው። ለዓሣ ማጥመጃ ያዘጋጀው የጃፓኑ ኩሬሃ ኩባንያ ሲሆን፣ ሲጋር በሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ካቀረበው ጀምሮ እስከ ዛሬ የዘርፉ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ስለ ፍሎሮካርቦን አዘውትሮ የሚነገረው በውሃ ውስጥ አለመታየቱ ነው። በእርግጥ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ሲሆን የውሃው 1.33፣ የናይሎን ደግሞ 1.53 ገደማ በመሆኑ ከናይሎን ይልቅ ለውሃው የቀረበ ነው፤ ቢሆንም ቀረበ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። እኔ ዋና ጥቅሙን የማየው በክብደቱ ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 1.78 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 1.14 ግራም ከሚመዝነው ናይሎን ይልቅ ፈጥኖ ይሰምጣል፤ በመሆኑም በወለል ላይ የሚጎተተውን የፕላስቲክ ትል ወይም ጂግ (ከባድ የብረት ጭንቅላት ያለው መንጠቆ) የያዘው ክር ከዘንጉ ጫፍ እስከ ማባበያው ሳይንሳፈፍ ይወርዳል፣ ክሩ ትንሽ በላላ ጊዜም እንኳ የዓሣው ንክሻ ወደ እጅ ይደርሳል። አይለጠጥም የሚለው የማሻሻጫ አባባል ግን ትክክል አይደለም፤ በኃይል ሲጎተት ይለጠጣል፣ ከመጠን በላይ ከተለጠጠም ወደ ቀድሞ ሁኔታው በደንብ አይመለስም። ሌላው ጠባዩ ግትርነቱ ነው። ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት በውሃ ወይም በምራቅ መርጠብ አለበት፤ አለበለዚያ በመፋተግ የሚፈጠረው ሙቀት ክሩን በቋጠሮው ቦታ ላይ ያዳክመዋል። ከሲጋር ምርቶች መካከል ኢንቪዝኤክስ የተባለው ከሌሎቹ ለስለስ ያለ በመሆኑ ለጀማሪ የምመክረው እርሱን ነው።

የተጎነጎነው ክር የሚሠራው እጅግ ጠንካራ ከሆኑ የፖሊኢትሊን ጭረቶች ነው። ፓወርፕሮ የተባለውን ብንወስድ 30 ፓውንድ የሚችለው ክር ውፍረቱ 0.28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ ውፍረት ያለ ናይሎን የሚችለው 8 ፓውንድ ያህል ነው። አይለጠጥም ሊባል የሚችለው በእውነት ይህ ክር ነው። በወፍራም አረም መሃል ሲጎተት የአረሙን ግንድ እየቆረጠ ያልፋል፤ ለዚህም ነው በአረም ምንጣፍ ላይ የጎማ እንቁራሪት የሚወረውሩ ሰዎች 50 ወይም 65 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክር የሚመርጡት። በተቃራኒው ስለታም ድንጋይ በቀላሉ ይቆርጠዋል፣ በጥርት ያለ ውሃም ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ ጫፉ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የፍሎሮካርቦን መሪ ክር መቀጠል ያስፈልጋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ቋጠሮ ቀጭን ሆኖ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ሳይንኳኳ እንዲያልፍ ጊዜ ወስዶ መለማመድ የሚያስቆጭ አይደለም።

ወደ ዘንጉ ስንመጣ፣ ከእጀታው ከፍ ብሎ የተጻፈው ጽሑፍ ከቀለሙና ከስሙ ይልቅ ሊነበብ ይገባዋል። እዚያ ላይ ርዝመቱ፣ ጉልበቱ፣ አጎነባበሱ፣ የሚችለው የክር ጥንካሬና የሚወረውረው የማባበያ ክብደት ተመልክቷል። ጉልበትና አጎነባበስ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ጉልበት ማለት ዘንጉን ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ኃይል ሲሆን ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከመካከለኛ በላይና ከባድ እየተባለ ይገለጻል፤ አጎነባበስ ደግሞ ዘንጉ በየትኛው ቦታ ላይ እንደሚጎብጥ የሚያመለክት ነው። ፈጣን የሚባለው ዘንግ ጫፉ አካባቢ ብቻ ይጎብጣል፣ ዝግ ያለው ደግሞ እስከ መሃሉና ከዚያም በታች ድረስ ይታጠፋል። ለጉልበት አምራቾች ሁሉ የተስማሙበት መለኪያ ስለሌለ የአንዱ ኩባንያ መካከለኛ የሌላው ከመካከለኛ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ከስያሜው ይልቅ የበለጠ እምነት የሚጣልበት በግራም ወይም በአውንስ የተጻፈው የማባበያ ክብደት ነው።

ወፍራም ነጠላ መንጠቆ ያለው ጂግ ወይም በፕላስቲክ ትል ውስጥ የተደበቀ መንጠቆ በዓሣው አፍ ውስጥ እንዲሰካ ዘንጉን በመሳብ የሚሰጥ ፈጣንና ጠንካራ ምት ይፈልጋል፤ ለዚህ ከመካከለኛ በላይ ጉልበት ያለው ፈጣን ዘንግ ይስማማዋል። እየጠለቀ የሚንቀጠቀጠውና ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ያለው ክራንክቤይት ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። መንጠቆዎቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ኃይለኛ ምት አይጠይቁም፤ ይልቁንም ዓሣው ከውሃ ዘልሎ ራሱን ሲነቀንቅ አብሮት የሚለዝብ ዘንግ ከሌለ መንጠቆዎቹ አፉን ቀደው ይወጣሉ። ካርቦን ከፋይበርግላስ ይልቅ ቀላልና ንዝረት አስተላላፊ በመሆኑ ፌንዊክ እ.ኤ.አ. በ1973 የመጀመሪያውን የካርቦን ዘንግ ለገበያ ካቀረበ በኋላ አብዛኛው የባስ ዘንግ ወደዚያው ዞሯል፤ ለክራንክቤይት ግን ፋይበርግላስ ወይም የሁለቱ ቅይጥ ዛሬም ተፈላጊ ሆኖ የቀጠለው በዚህ ልስላሴው ነው። በካርቦን ዘንግ ላይ ከፍ ያለ ሞጁለስ ተብሎ የሚተዋወቀው ጥራት ዘንጉ ለክብደቱ የበለጠ ግትር መሆኑን እንጂ የበለጠ ጠንካራ መሆኑን አይናገርም። እንዲያውም ግድግዳው ስለሚሳሳ ከጀልባ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ቶሎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለርዝመት 7 ጫማ፣ ማለትም 2.13 ሜትር፣ ለአብዛኛው ሥራ የሚበቃ ነው። ከዚያ ያጠረው በቅርንጫፎች ሥር ለመወርወር፣ የረዘመው ደግሞ ከሩቅ የላላ ክር በአንድ ምት ለመሰብሰብ ይጠቅማል። በተመጣጣኝ ዋጋ ከሚገኙት መካከል አግሊ ስቲክ ጂኤክስ2 ካርቦንና ፋይበርግላስ የተዋሃዱበት፣ ከመኪና ወደ ጀልባ ሲንገላታ የሚችል ዘንግ ነው። ክብደቱ ከንጹሕ ካርቦን ዘንግ ስለሚበልጥና ለስላሳ ንክሻ ስለሚያደበዝዝ ለጂግ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሆንም፤ ለክራንክቤይትና በሚሽከረከር የብረት ቅጠሉ ለሚያንጸባርቀው ስፒነርቤይት ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ።

ማጠንጠኛው በሁለት ዋና ዋና ዓይነት ይመጣል። በአንደኛው ክሩ የተጠቀለለበት በከራ አይሽከረከርም፤ ክሩ በበከራው ከንፈር ላይ እየተፈታ ይወጣል። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ይህ አሠራር ዛሬ ስፒኒንግ ይባላል፤ ከ7 ግራም በታች ለሆነ ማባበያና ለቀጭን ክር የሚወዳደረው የለም። በሁለተኛው፣ ቤይትካስተር በሚባለው፣ የሚበርረው ማባበያ ራሱ በከራውን እየጎተተ ያሽከረክረዋል፤ በከራው ከሚወጣው ክር በላይ ከፈጠነ ግን ክሩ እዚያው ላይ ይተበተባል። ይህን ለመከላከል በአውራ ጣት መቆጣጠርና የማጠንጠኛውን ፍሬን ማስተካከል የግድ ነው። ፍሬኑ በማግኔት ወይም በመሽከርከር በሚፈጠር የመግፋት ኃይል ይሠራል። የዳይዋ ታቱላ የማግኔት ፍሬን አለው፤ ክሩ ሲወረወር በሰፊው በኩል፣ ሲጠቀለል በጠባቡ በኩል የሚያልፍበት የቲ ቅርጽ ያለው ማሳለፊያውም በውርወራ ጊዜ መፋተግን ይቀንሳል። የሺማኖ ኩራዶ በበኩሉ በመሽከርከር ኃይል በሚሠራው ፍሬኑ የታወቀ ነው። ነፋስ በበዛበት ጊዜ ለአዲስ ተጠቃሚ ታቱላ ስህተትን ይበልጥ የሚችል ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ኩራዶ ደግሞ እጁ ለለመደ ሰው ረጅምና ልስልስ ያለ ውርወራ ይሰጣል።

የጥርሱ ንጽጽር በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። 5.4 ለ1 የሚል ከሆነ መዘወሪያው አንድ ዙር ሲዞር በከራው 5.4 ዙር ይዞራል ማለት ነው። ዝግ ያለው ብዙ ውሃ እየገፋ ለሚጎተት ጥልቅ ክራንክቤይት ክንድን ያሳርፋል፤ 7 ለ1 እና ከዚያ በላይ የሆነው በትልና በጂግ ጊዜ የላላውን ክር ፈጥኖ ለመሰብሰብ ይረዳል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 7 ለ1 አካባቢ ያለውን ይውሰድ፤ ፈጣኑን ቀስ አድርጎ መዘወር ይቻላል፣ ዝግተኛውን ማፍጠን ግን እጅን ያደክማል። የኩሽኔታዎቹን ብዛት በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በጥሩ ሁኔታ የተሠሩ ጥቂቶች ከብዙ ርካሾች ይበልጣሉ።

እንግዲህ ሁለት ስብስብ ብቻ ማሟላት ለሚፈልግ ሰው የምመክረው የሚከተለው ነው። የመጀመሪያው 7 ጫማ ርዝመት፣ መካከለኛ ጉልበትና ፈጣን አጎነባበስ ያለው የስፒኒንግ ዘንግ፣ በአምራቾች የመጠን ቁጥር 2500 የተባለው ማጠንጠኛ፣ 10 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክርና 8 ፓውንድ የሚችል የፍሎሮካርቦን መሪ ነው። ሁለተኛው በተመሳሳይ ርዝመት ከመካከለኛ በላይ ጉልበት ያለው ከ7 እስከ 28 ግራም የሚወረውር ዘንግ፣ ከቤይትካስተርና ከ15 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ጋር ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ የመጀመሪያው ይቅደም። ወፍራም አረም ባለበት ውሃ ብቻ የሚያጠምድ ሰው ግን ሁለተኛውን አስቀድሞ ፍሎሮካርቦኑን በ50 ፓውንድ የተጎነጎነ ክር ይተካው።

ክሩ ሲጠቀለል የተጎነጎነው ክር በበከራው ላይ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ጥቂት ሜትር ናይሎን መነሻ ማድረግ፣ ሲጠቀለልም በጣቶች መካከል አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ላልቶ የተጠቀለለ ክር ዓሣ ሲጎትተው በራሱ ንብርብር ውስጥ ይሰምጣል። የስፒኒንግ ማጠንጠኛ ላይ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ክሩን ወደ በከራው የሚመራውን የሽቦ ቅስት በመዘወሪያው ሳይሆን በእጅ መመለስ የክሩን መጠማዘዝ በእጅጉ ይቀንሰዋል። ድራጉ፣ ማለትም ዓሣው በኃይል ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው የማጠንጠኛው ክፍል፣ ደግሞ ከክሩ ጥንካሬ ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ላይ ይስተካከል፤ 12 ፓውንድ፣ ማለትም 5.4 ኪሎ ለሚችል ክር በሚዛን ተጎትቶ 1.5 ኪሎ ገደማ ላይ ሲለቅቅ ተስማሚ ነው። ዕቃው ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነም በውስጡ ያሉት ክብ ሰሌዳዎች ተጨፍልቀው እንዳይቀሩ ድራጉ ይላላ።