ከባሌ እስከ ላርኪያ ላ፦ አሥራ አንድ ወር የያዝኩት ስሊፒንግ ባግ

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ስለ ብርድ ሲመክሩት ደስ አይለውም። እኔም እንደዛ ነኝ። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ እያየን ነው ትምህርት ቤት የሄድነው። ማታ ከላይ የከተማችን ፋብሪካ ብርድ ልብስ፣ ከሥሩ ጋቢ፣ በቃ። ስለዚህ ዱባይ ውስጥ ስሊፒንግ ባግ፣ ያ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት፣ ልገዛ ገብቼ ሻጩ "እስከ ስንት ዲግሪ የሚችል?" ሲለኝ ተኮፈስኩ። "ቀለል ያለ ይበቃኛል፣ ብርድ ለምጃለሁ" አልኩት። ደግነቱ አልሰማኝም።

የገዛሁት ባለፈው ታኅሣሥ ነው። አሁን ኅዳር ነው። በመሃል 18 ሌሊት ተኝቼበታለሁ፦ ሁለቱን ራስ አል ኸይማ ተራሮች ላይ፣ አራቱን ባሌ፣ አሥራ ሁለቱን ደግሞ ኔፓል፣ የማናስሉ ተራራ ዙሪያ ጉዞ ላይ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ማስታወቂያም ክስም እንዲመስል አልፈልግም። ውስጡ የዝይ ላባ ነው፣ ያ ለስላሳው የደረት ላባ። ክብደቱ 1 ኪሎ ከ250 ግራም፣ ዋጋው በቅናሽ 1,150 ድርሃም ነበር። አዎ፣ ያማል። እናቴ ዋጋውን ብትሰማ "በዚህ ብር ስንት ጋቢ!" ማለቷ አይቀርም።

ጋቢና ስሊፒንግ ባግ ግን ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ራሳቸው ሙቀት አይሠሩም። የሚያሞቀው የራስ ገላ ነው፤ እነሱ አየር ይዘው ሙቀቱ እንዳያመልጥ ያደርጋሉ። ላባ የሚበልጠው በትንሽ ክብደት ብዙ አየር ስለሚይዝ ነው። ከከረጢቱ ስታወጡት እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ኩፍ ይላል። ኩፍ ያላለ ላባ ዋጋ የለውም። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደገዛሁት። የምሠራበት ሆቴል ውስጥ ጎርካ ከሚባለው የኔፓል አውራጃ የመጡ ልጆች አሉ። ስለ ማናስሉ የሰማሁት ከነሱ ነው። ማናስሉ 8,163 ሜትር ነው፣ ከዓለም ስምንተኛው ረጅም ተራራ። ጫፉ ላይ መውጣት የኔ ቢጤ ሥራ አይደለም። በዙሪያው የሚሄደው መንገድ ግን በእግር ይቻላል። መንገዱ ቡዲ ጋንዳኪ የሚባለውን ወንዝ ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ላርኪያ ላ ላይ 5,106 ሜትር ይደርሳል። "ላ" በቲቤት ቋንቋ የተራራ መተላለፊያ ነው። እኛ ጣርማ በር እንደምንለው። እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ሲተነፍሱ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። እኔ ደግሞ የምኖረው ባሕር ዳርቻ ነው።

ወደ ስሊፒንግ ባጉ። መለያ ወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥር አለ። የኔው ላይ ከዜሮ በታች 8፣ ከዜሮ በታች 15 እና ከዜሮ በታች 34 ይላል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። ሱቆች ትልቁን ቁጥር በትልቁ ይጽፉታል። ቁጥሮቹ የሚወጡት አይኤስኦ 23537 በሚባል መስፈርት ነው፤ የሚሞቅ አሻንጉሊት ሰው ውስጡ አስተኝተው ይለኩታል። የመጀመሪያው ቁጥር አንዲት ሴት ዘና ብላ የምትተኛበት ነው። ሁለተኛው አንድ ወንድ ተኮራምቶ ሌሊቱን የሚገፋበት። ሦስተኛውማ እንቅልፍ አይደለም፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞቱ የመቆያ ቁጥር ነው። "34 ይችላል" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው እየነገራችሁ ያለው "አትሞቱም" ነው። ከፍታ ላይ ገላ ይደክማል፣ ምግብ አይበላም፣ ስለዚህ ብርዱ ይብሳል። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ ግዙ። ሴት ከሆናችሁ ደግሞ ምንም ድርድር የለውም።

የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና ባሌ ነበር። ጥር ላይ ለጥምቀት እረፍት ወስጄ ሄድኩና ከዲንሾ ተነስተን ወደ ሳነቲ ወጣን። ሳነቲ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ማታ ድንኳኑ ላይ በረዶ ይጋገራል። በሁለተኛው ሌሊት ጀርባዬ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ፤ ደረቴ ግን ሞቆታል። ስሊፒንግ ባጉን ረገምኩት። ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ከሥራችሁ ያለው ላባ በክብደታችሁ ተጨፍልቆ አየር አይዝም፤ ከመሬት የሚመጣውን ብርድ የሚከለክለው ፍራሹ ነው። የኔው ፍራሽ ቀጭን፣ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ስፖንጅ ነበር። በማግሥቱ ከሥሬ ትርፍ ልብሴንና ባዶ ቦርሳዬን አነጠፍኩ፣ በሰላም አደርኩ። ንጋት ላይ ቀይ ቀበሮ አለፈ፤ ከባጉ ለመውጣት ሰንፌ ጭራውን ብቻ ነው ያየሁት። ዱባይ ስመለስ ወፈር ያለ የሚነፋ ፍራሽ ገዛሁ።

ከባሌ መልስ አንድ ጅል ነገር ሠራሁ። ባጉን በመጭመቂያ ከረጢቱ እንደጠቀጠቅኩት ቁምሳጥን ውስጥ ጣልኩት። ሦስት ወር። ግንቦት ላይ ባወጣው ኩፍ ማለት እምቢ አለ፤ የእግሩ በኩል እንደ አሮጌ ትራስ ቋጥሯል። ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ለላባ በሚሆን ሳሙና ገንዳ ውስጥ አጠብኩት። እርጥብ ሆኖ ሲያዩት ያስደነግጣል፣ የሞተ ዶሮ ነው የሚመስለው። ከዚያ በትልቅ ማድረቂያ፣ ዝቅ ባለ ሙቀት፣ ከሦስት የቴኒስ ኳስ ጋር አሽከረከርኩት። ኳሶቹ የተቋጠረውን ላባ እየመቱ ይፈቱታል። አራት ሰዓት ፈጀ። አብዛኛው ተመለሰ፣ ሁሉም ግን አይመስለኝም። አሁን በትልቅ የጨርቅ ከረጢት፣ ሳይጨመቅ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው።

ስለ ዝግጅቱም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዕቃው በላይ ያለፋኝ ወረቀቱ ነው። ብዙ የውጭ ዜጋ ካትማንዱ አየር ማረፊያ ደርሶ ቪዛ ያስመታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ አይችልም። ቀድሞ ከኤምባሲ ማውጣት አለበት፤ እኔ ከአቡ ዳቢ ነው ያወጣሁት። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይሄን ጨርሱ። ከዚያ የማናስሉ የተከለለ አካባቢ ፈቃድ አለ፤ በመኸሩ ወቅት ለመጀመሪያው ሳምንት 100 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በቀን 15። ፈቃዱ ሕጋዊ አስጎብኚ ለሌለው ሰው አይሰጥም። የማናስሉና የአናፑርና ጥብቅ ቦታዎች መግቢያም ለየብቻ ይከፈላል። ኢንሹራንሱ ሄሊኮፕተርን እና እስከ 6,000 ሜትር ከፍታን የሚሸፍን መሆኑን አንብባችሁ ፈርሙ። የኔ የመጀመሪያው እስከ 4,000 ብቻ ነበር፤ ለምንም አይሆንም።

ቀኖቹን ያወጣሁት በመኝታ ከፍታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። ናምሩንግ 2,630፣ ሎ 3,180፣ ሳማጋዎን 3,530፣ እዚያ ሁለት ሌሊት። ሳምዶ 3,875፣ እዚያም ሁለት ሌሊት። ብዙ ኤጀንሲ ሳምዶ ላይ አንድ ሌሊት ብቻ ይሰጣል። የሚቀጥለው ዳራምሳላ ግን 4,460 ነው፣ በአንድ ቀን ወደ 600 ሜትር ዝላይ። አንዷን ቀን ጨምሩ። ከኔ ጋር የሄደችው ኬንያዊት ባልደረባዬ መጀመሪያ ላይ ተቃውማ ነበር፤ ሳምዶ ላይ ራስ ምታት ሲይዛት ዝም አለች።

እንግዲህ ጥቅምት ላይ ሄድን። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ባጉ ትርፍ ነበር፣ ማቻ ኮላ 900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ያልባል። ዚፑን ከፍቼ እንደ አንሶላ ለበስኩት። ከናምሩንግ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። ማደሪያዎቹ "ሻይ ቤት" ይባላሉ፤ የጣውላ ግድግዳ፣ የጣውላ አልጋ፣ ስስ ስፖንጅ። ማሞቂያ ካለ ምግብ ቤቱ ውስጥ ብቻ ነው። መሪያችን "ዲዲ" ይለኛል፣ እኔ "ዳይ" እለዋለሁ፤ ታላቅ እህት፣ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ሳማጋዎን ላይ ጠዋት የተቆላ የገብስ ዱቄት በሻይ ተለውሶ ቀረበልኝ። ጻምፓ ይሉታል። በሶ ነው! ያገሬን ቁርስ ሂማላያ ሄጄ በላሁ። ሁለቴ አስደገምኩ፣ ዳይ ሳቀብኝ።

ሳምዶ ላይ የያዝኳት ትንሽ ቴርሞሜትር ክፍሉ ውስጥ ከዜሮ በታች 5 አሳየች። ባጉ ውስጥ በስስ ልብስና ካልሲ ላብ ሊያጠምቀኝ ነበር። ሙሉ ነጥብ። ኮዳዬን የፈላ ውሃ ሞልቼ እግሬ ሥር አስገባለሁ፤ ጠዋት ያው ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይጠጣል። ስልክና የግንባር ባትሪም ውስጥ ያድራሉ፣ አለዚያ ቻርጃቸው በብርዱ ይሞታል።

ዳራምሳላ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከዜሮ በታች 12። ነገ ላርኪያ ላ ስለሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳለን፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ተኝቷል። ከፍታ ላይ እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ትንሽ ሰከንድ ይቆምና በድንገት በረጅሙ ትስባላችሁ። የሚያስፈራ ግን ብዙ ሰው ላይ የሚከሰት ነገር ነው። እኔ እንደዛ ሆኜ 7 ሰዓት ላይ ነቃሁ፣ ኮፍያው ፊቴ ላይ ተጨምድዷል። ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም መድኃኒት እየወሰድኩ ስለነበር ሽንቴም መጥቷል። ዚፑን ሳብኩት። እምቢ። ከዚፑ ጀርባ ብርድ እንዳይገባ የተሰፋ ጥቅል አለ፤ ስሱን ጨርቅ ነክሶት ቀረ። ላይ የለ፣ ታች የለ። ጨለማ፣ ትንፋሽ የለም፣ እጄ ጓንት ውስጥ። ባልደረባዬን ጠራኋት፣ አትሰማም። በመጨረሻ በአንገቱ ቀዳዳ እንደ እባብ ተስቤ ወጣሁ። አሁን እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

ይሄ የዕቃው ትልቁ ጉድለት ነው፣ አልደብቅም። ባሌ ላይም ነክሶ ነበር፣ ግን ቀን ላይ ስለሆነ ንቄ ተውኩት። እናቴ የጃኬት ዚፕ ሲያስቸግር ሻማ ታሽበት ነበር። ከላርኪያ ላ ማዶ ወዳለው ማደሪያ፣ ቢምታንግ፣ ስንወርድ ከማደሪያው ባለቤት ቁራጭ ሻማ ለምኜ ሁለቱንም ወገን አሸሁት። ከዚያ ወዲህ አልነከሰም። አምራቹ ከጥቅሉ ዳር ጠንካራ ጥብጣብ ቢሰፋበት ኖሮ ሻማው ባላስፈለገ።

ሌላው እርጥበት ነው። ያን ሌሊት አፍንጫዬ ስለቀዘቀዘ ራሴን ውስጥ ቀብሬ ተነፈስኩ። ጠዋት የአንገቱ ዙሪያ ርሶ ጫፉ በረዶ ሆኗል። እርጥብ ላባ አያሞቅም። ቢምታንግ ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት። አፍንጫችሁ ውጭ ይሁን፣ በሻርፕ ሸፍኑት። ከላይ የሚወጣ ላባም አለ፣ በሌሊት ሁለት ሦስት። አትጎትቱት፣ ከውስጥ መልሳችሁ ሳቡት። አለዚያ ጓደኞቹን ይዞ ይወጣል።

ላርኪያ ላን በ3 ሰዓት ተኩል ጠዋት ረገጥነው፣ ባንዲራዎቹ ሥር አንድ ፎቶ፣ ንፋሱ አላስቆመንም።

አሁን ደስ የማይለው እውነት። ባልደረባዬ ባጓን ካትማንዱ ታሜል ሰፈር በቀን በአንድ ሁለት ዶላር ነው የተከራየችው። ከኔ በግማሽ ኪሎ ይከብዳል፣ ሽታም ነበረው። ከላይ የማደሪያውን ብርድ ልብስ ደርባ ግን ከኔ እኩል ሞቃ አደረች። እንዲያውም ዚፗ ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ተከራዩ፤ የውስጥ ሐር ከረጢት ብቻ ከራሳችሁ ያዙ። ባሌን፣ የሰሜን ተራሮችን፣ ድንኳንን የምታስቡ ከሆነ ግን የራስ መግዛት ያዋጣል፤ እዚያ የሚያከራይ ጥሩ ዕቃ ማግኘት ከባድ ነው። ያኔም ሱቅ ውስጥ ግቡበት፣ ተኙ፣ ዚፑን በጓንት አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ሻጩ ቢያፈጥ ያፍጥጥ።

የኔውን በመጪው ጥር አንዲት ጓደኛዬ ለባሌ ተውሳዋለች። ወፍራሙን ፍራሽ አብሬ እሰጣታለሁ። የቢምታንጓ ሻማም ቁራጯ አለች፣ የጎን ኪሱ ውስጥ በፌስታል ጠቅልዬ ከትቻታለሁ።