ጉግል፣ ዳክዳክጎ ወይስ ካጊ? የፍለጋ ሞተር ሲመረጥ የሚመዘነው

ሰዎች አንድን ቴክኖሎጂ ለመጠቀም ፈቃደኛ የሚሆኑት «ይጠቅመኛል» እና «አያስቸግረኝም» ብለው ሲያምኑ መሆኑን ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አመልክቷል። በፍለጋ ሞተር ረገድ ግን ልማድ ከሁለቱም የሚበረታ ይመስለኛል፤ ብዙው ሰው የሚጠቀመው ከስልኩ ወይም ከብራውዘሩ ጋር አብሮ የመጣለትን ነው። ጉግል በ2021 ይህን የነባሪነት (አስቀድሞ የተመረጠ የመሆን) ቦታ ለመያዝ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ መክፈሉ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተገልጧል፤ ተጠቃሚው ቅንብሩን የሚቀይር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገንዘብ ባልወጣ ነበር።

ለዕለት ተዕለት ጉዳይ ጉግልን የሚስተካከል ማግኘት ያስቸግራል። በአቅራቢያ ያለ ፋርማሲ ሲፈለግ ካርታውን፣ የሥራ ሰዓቱንና ስልክ ቁጥሩን በአንድ ገጽ ያቀርባል። ዋጋው የሚከፈለው በመረጃ ነው፤ የፍለጋ ታሪክና ያሉበት ቦታ ማስታወቂያ ለመምረጥ ይውላሉ፤ የሚሸጥ ዕቃ ሲፈለግም የገጹን አናት አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ ይይዘዋል።

ዳክዳክጎም በማስታወቂያ የሚተዳደር ቢሆንም ማስታወቂያውን የሚመርጠው በተጻፈው ቃል እንጂ በተጠቃሚው ታሪክ አይደለም። ውጤቶቹን በአብዛኛው የሚያገኘው ከማይክሮሶፍቱ ቢንግ ስለሆነ፣ ከቢንግ የተሻለ መልስ ፍለጋ ወደ እርሱ መሄድ አያዋጣም፤ የሚመረጠው ለመረጃ አያያዙ ነው። መልሱ ካላረካ ከጥያቄው ፊት ቃለ አጋኖና ጉግልን የሚወክለውን ፊደል (!g) ጨምሮ ፍለጋውን ወደዚያው ማሻገር ስለሚቻል፣ መሸጋገሪያ ለሚፈልግ ሰው ይመቻል።

ካጊ ማስታወቂያ የለውም፤ በወር 5 ዶላር 300 ፍለጋ፣ በ10 ዶላር ደግሞ ያልተገደበ ፍለጋ ይሰጣል። ተጠቃሚው የሰለቸውን ድረ ገጽ ከውጤቶቹ ጨርሶ ማስወጣት፣ የሚያምነውን ደግሞ ወደ ላይ ማውጣት ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ለሚውል ተመራማሪ ወይም የሶፍትዌር ባለሙያ ክፍያው ተገቢ ነው እላለሁ፤ በቀን ሁለት ሦስቴ ለሚፈልግ ግን አይደለም። ኒቫ የተባለው ሌላ የክፍያ ፍለጋ ሞተር በ2023 ሲዘጋ፣ መሥራቾቹ ሰዎችን ከማስከፈል ይልቅ አዲስ ነገር እንዲሞክሩ ማሳመን እንደከበዳቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ካጊ በነጻ የሚሰጣቸውን 100 ፍለጋዎች ለእውነተኛ ሥራ ማዋል፣ ለዚያም ካጊን በብራውዘሩ ላይ ነባሪ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እጅ ወደ ለመደው መመለሱ አይቀርም።