አህመዳባድ ለምትሄዱ፦ የካካን ባጃጅ ያዙ

ይህን የምጽፈው ሕንድ፣ አህመዳባድ ከተማ ውስጥ ባጃጅ የሚነዱ አንድ አባትን ለማመስገን ነው። በዚያውም ለትምህርት፣ ለንግድ ወይም ልጅ ለመጠየቅ ወደዚያ ለምትሄዱ ጥቆማ ይሁናችሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፤ እሳቸውም አይፈልጉም። የእኛ ተማሪዎች «ካካ» ይሏቸዋል። የአካባቢው ሰዎች፣ ጉጃራቶች፣ በዕድሜ ጠና ያለን ሰው እንደ አጎት አክብረው የሚጠሩት እንዲህ ነው።

ታናሽ ወንድሜ እዚያ ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ ነው። የሄድኩበት ወቅት ለእሱ የፈተና ሰሞን፣ ለእኔ ደግሞ የገና ጾም ነበር። «እኔ እንኳን ላዞርሽ የምተኛበትም ጊዜ የለኝ። ካካ አሉልሽ» አለኝ። አኮረፍኩ። አሁን ሳስበው ግን ፈተናው ባለውለታዬ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አለችኝ። እንጀራዬ ጨርቅ ስለሆነ የጓጓሁትም ለጨርቅ ነው። አህመዳባድ ደግሞ ጨርቅ ያሳደጋት ከተማ ናት። ሱልጣን አህመድ ሻህ በ1411 ቆረቆራት። በ1861 የመጀመሪያው የጥጥ ፋብሪካ ተከፈተባት፤ ከዚያ ፋብሪካው እየበዛ ሄዶ በጨርቅ ፋብሪካ በገነነችው የእንግሊዝ ከተማ ስም «የሕንድ ማንቸስተር» እስከመባል ደረሰች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ሕንድ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሾፌሩ «የዘመዴ ሱቅ ነው፣ ርካሽ ነው» ይልና መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ሱቅ ፊት ለፊት ያወርድሃል። ሻይ ይመጣል፣ ወንበር ይሳባል፣ ጨርቁ እየተዘረጋ ወለሉን ይሞላዋል። የሾፌሩ ኮሚሽን አንተ በምትከፍለው ውስጥ ነው። ከካካ ጋር ከመገናኘቴ በፊት የያዝኩት ሌላ ሾፌር እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል።

ካካ ሲመጡ መጀመሪያ በስልክ ወንድሜን አስተርጉመው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልትገዛ ነው ወይስ ልታይ?» ሁለቱም አልኩ። «እንግዲያው ዛሬ ታያለሽ፣ ነገ ትገዣለሽ» አሉ። አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ቲን ዳርዋዛ የሚባለው ባለ ሦስት ቅስት በር አጠገብ ባጃጃቸውን አቆሙና ዳልጋርዋድ ወደሚባለው የጨርቅ ገበያ መግቢያውን አሳዩኝ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ለምን እንደማይገቡ ቆይቼ ነው የገባኝ። ሻጩ ሾፌር ከኋላዬ ካየ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሾፌሩን ድርሻ ዋጋው ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ውጭ ሆነው ይጠብቃሉ። በቆይታዬ ሁሉ አንድ ሱቅ እንኳ አብረውኝ አልገቡም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ከሁሉም በላይ ይኸው ነው።

ዳልጋርዋድ ውስጥ ባንዳኒ አለ፤ ጨርቁ ነጥብ ነጥብ እየተቋጠረ ቀለም ውስጥ ይነከርና ቋጠሮው ሲፈታ የተቋጠረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በእንጨት ማህተም እየተመታ የሚታተምም አለ። በሜትር ነው የሚሸጡት። ለሱቄ የሚሆነኝን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ፓቶላ የምትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ። እውነተኛው ፓቶላ ከአህመዳባድ ራቅ ብላ ባለችው ፓታን ከተማ የሚሸመን ሐር ነው። ድሩም ማጉም ከመሸመኑ በፊት በስሌት ተቋጥሮ ይቀለማል፤ ሲሸመን ቀለሙ እርስ በርሱ ይገጥምና ሥዕሉ ይወጣል። አንድ ሳሪ ወራት ይፈጃል፣ ዋጋውም ናላ ያዞራል። ገበያ ላይ «ፓቶላ ነው» ብለው በጥቂት ሩፒ የሚሰጧችሁ ህትመት ነው። ገልብጣችሁ እዩት፤ እውነተኛው በፊቱም በጀርባውም አንድ ነው። ይህን እኔ ለካካ ልነግራቸው ስል እሳቸው ቀድመው በእጃቸው ጨርቅ መገልበጥ አሳዩኝ። የሚስታቸው ቤተሰቦች ሸማኔዎች ነበሩ አሉኝ።

ቀልቤን የወሰደው ግን «ማታ ኒ ፓቼዲ» የሚባለው በእጅ የሚሣል ጨርቅ ነው። ካካ ቫስና በሚባለው ሰፈር ይህን የሚሠራ አንድ ቤተሰብ ጋ ወሰዱኝ። ይህ ሥራ የቫጋሪ ማኅበረሰብ ነው። ድሮ ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ ሲከለከሉ እናት አምላካቸውን ጨርቅ ላይ ሥለው፣ ጨርቁን ዙሪያውን ዘርግተው የራሳቸውን መቅደስ ሠሩ። መሃል ላይ እናት አምላክ ትቀመጣለች፤ አንዷ ዶሮ ላይ፣ ሌላዋ ፍየል ላይ። ዙሪያዋን ሰዎች፣ እንስሳት፣ አበቦች ናቸው። ቀለሙ በዋናነት ቀይና ጥቁር ነው፣ የጨርቁ ነጭ ሲጨመር ሦስት። ጥቁሩ የሚወጣው ከዛገ ብረትና ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ሲሆን ለቀናት ይብላላል። እንዲወፍር የሁመር ፍሬ ዱቄት ይገባበታል። በቀርከሃ ብዕር ይሣላል። ከዚያ ጨርቁ ይቀቀላል፣ በሚፈስ ውሃ ይታጠባል። አባት ይሥላል፣ ልጅ ቀለም ይሞላል፣ እናት ታጥባለች። በ2023 ሕንድ ይህን ሥራ የቦታው መለያ ምርት ብላ መዝግባዋለች። አንድ ትንሽ ገዛሁ፤ አልተከራከርኩም። እንዲህ ያለውን ሥራ እያዩ ዋጋ መከራከር ነውር መሰለኝ።

መከራከር ላው ጋርደን ነው። ማታ ማታ የሚደምቅ የመንገድ ዳር ገበያ ነው፤ ትናንሽ መስታወት የተሰፋባቸው ሰፋፊ ቀሚሶች፣ ቦርሳዎች፣ የአንገት ጌጦች። አብዛኛው የማሽን ጥልፍ ነው፣ ያም ሆኖ ያምራል። የካካ ምክር አጭር ናት፦ «ዋጋውን ስትሰሚ ሳቂ፣ ከዚያ ሂጂ።» ሳቅኩ፣ ሄድኩ፣ ከኋላዬ ተጠራሁ።

ወደ ምግቡ ልምጣ። ጉጃራት ሥጋ የማይበላ ሕዝብ የበዛበት ክልል ስለሆነ ለጾመኛ ገነት ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። ገነቱ ግን ቅቤ ተቀብቷል! ቂጣው ላይ ቅቤ፣ ካዲ የሚሉት ሾርባ እርጎ፣ ከምግቡ ጋር የሚመጣው መጠጥ አሬራ። «ጾም ላይ ነኝ» ስትሉ ደግሞ ይብሳል። የሂንዱዎች ጾም እህልና ጥራጥሬ አይነካም፣ ወተትና ድንች ግን ይፈቅዳል። አክብረውኝ፣ ምስሩን አንስተው እርጎ አመጡልኝ።

ካካ ይህን ከተማሪዎቹ ተምረውታል። ሱቅ የማይገቡት ሰውዬ ምግብ ጋ ሲሆን ግን ከባጃጁ ይወርዳሉ። ወደ ሻጩ ጠጋ ብለው ጣታቸውን እየቆጠሩ ቅቤ የለም፣ እርጎ የለም፣ ወተት የለም ይሉና ወደ እኔ ዞረው «ጾም!» ይላሉ፤ «ጾ»ዋን ጠበቅ አድርገው፣ እንደ አራዳ ልጅ። ጠዋት ፋፍዳ በላሁ፤ ከሽምብራ ዱቄት ተዘርግቶ በዘይት የሚጠበስ፣ ከተጠበሰ ቃሪያና ካልበሰለ ፓፓያ ጋር የሚበላ ነው። ከሰዓት ዳልቫዳ፣ የማሾ ጥብስ ከጥሬ ሽንኩርት ጋር። ካማን የሚሉት ለስላሳ የሽምብራ ኬክ ላይ ሰናፍጭ ፍሬና ቃሪያ ይነሰነሳል፤ አንዳንዱ ጋ እርጎ ስለሚገባ እሳቸው ጠይቀው ያለ እርጎ የሚሠራ ቤት ወሰዱኝ።

የብርድ ወቅታቸው ስለነበር ኡንዲዩ የሚሉት ምግብ ደርሶልኛል። ቦዬ፣ ስኳር ድንች፣ ትናንሽ ደበርጃን፣ የባቄላ እሸት የመሰለ ነገርና በአብሽ ቅጠል የታሸ ድቡልቡል ሊጥ፣ ሁሉም በዘይት ቀስ ብሎ አንድ ላይ ይበስላል። በኪሎ ይሸጣል። የጉጃራት ወጥ ስኳር ይበዛበታል፣ ይህን ሳልዋሽ ልንገራችሁ፤ ምስራቸው እንኳ ይጣፍጣል። ኡንዲዩ ግን በርበሬ ናፍቆኝም ቢሆን ደግሜ አዝዣለሁ።

ማኔክ ቾክንም አይታችሁ ተመለሱ። ቀን የወርቅና የብር ነጋዴዎች አደባባይ ነው። ሱቆቹ ሲዘጉ የምግብ ጋሪዎች ይገባሉ፣ እስከ እኩለ ሌሊት አልፎ ይበላል። እዚያ ሁሉም ነገር ቅቤ ላይ ስለሚጠበስ እኔ በዓይኔ ብቻ በላሁ።

አንድ ቀን ማታ ሳልጠይቃቸው ላል ዳርዋዛ አካባቢ የሲዲ ሰይድ መስጊድ ጋ አቆሙ። «ያንቺ አገር ሰው» አሉኝ። እውነት ነው፤ በ1573 ያሠራው ሲዲ ሰይድ ከሐበሻ ምድር የሄደ ሰው ነው። በመስኮቶቹ ላይ ድንጋይ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሎ፣ ቅርንጫፉ የተጠላለፈ ዛፍ ተሠርቷል። የከተማዋ ታዋቂ የማኔጅመንት ተቋም አርማውን የወሰደው ከዚሁ ነው። ከውስጥ መብራት በርቶ ስለነበር ዛፉ ከውጭ ጎልቶ ይታይ ነበር። ጥልፍ የሚወድ ሰው እዚያ ቆሞ ደብተር ማውጣቱ አይቀርም፤ እኔም አወጣሁ። ካካ ሜትሩን አጥፍተው ጠበቁኝ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። የካሊኮ የጨርቅ ሙዚየም ቀድሞ መመዝገብ ይፈልጋል፣ ፎቶም አይፈቀድም፤ ለጨርቅ ሰው ግን ከምንም በላይ ነው። እሑድ ከሆነ ከኤሊስ ድልድይ ሥር ያለውን የጉጃሪ ገበያ እዩ፤ አሮጌ የማተሚያ እንጨቶች ይገኛሉ። ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ከሄዳችሁ በየመንገዱ ዳር የካይት (በክር የሚበር የወረቀት መጫወቻ) ክር በተፈጨ ብርጭቆና በሮዝ ቀለም ሲቀባ ታያላችሁ፤ የጃንዋሪ 14ቱ ካይት የማብረር በዓል ዝግጅት ነው። ሞተር ሳይክል ላይ አትውጡ፣ ክሩ አንገት ይቆርጣል። ሰው ሁሉ የሚከፍለው በስልክ ስለሆነ መልስ አይገኝም፤ ዝርዝር ሩፒ ያዙ።

ካካ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ወንድሜ ይህን በሂንዲ ያነብልዎታል።

የእሳቸውን ቁጥር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉ «ጾም» በሏቸው፣ ከማን እንደተላካችሁ ይገባቸዋል። የሚያስከፍሉት በሜትር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከያዛችኋቸው የመቆያውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፓታን ድረስ አይሄዱም፤ ለዚያ መንገድ ባጃጅ አይሆንም ብለው የአውቶቡስ መናኸሪያው ጋ ያወርዷችኋል።