ዴቢያን ኮድ ሰርች፦ ከአራት ኪሎ ሆኖ የክፍት ምንጭ ኮድን መፈተሽ

አራት ኪሎ በሚገኘው ቢሯችን የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚለውጥ ፕሮግራም ስንሠራ፣ ሌሎች ይህንኑ ሥራ እንዴት እንደሠሩት ለማየት በዴቢያን ኮድ ሰርች መጠቀም ጀመርኩ (ዴቢያን በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ውስጥ የተካተቱትን ፕሮግራሞች ኮድ የሚፈልግ ድረ ገጽ ነው)፤ ዛሬ ያለ እሱ ሥራ አልጀምርም። «አመተ ምሕረት» የሚለውን በላቲን ፊደል ጽፌ ስፈልግ፣ አይሲዩ በተባለው የፕሮግራም ስብስብ ውስጥ የእኛና የቅብጦች አቆጣጠር ከአንድ የጋራ መሠረት ላይ ተጽፈው አገኘሁ። እዚያው 5500 የሚል ቁጥር ተቀምጧል፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለምን ለማግኘት በዓመተ ምሕረት ላይ የሚደምሩት ያው ቁጥር ነው። ያን መስመር ሳይ በእውነት ደስ አለኝ።

ፍለጋው ፈጣን የሆነው፣ አገልግሎቱ በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ያሉትን የሦስት ሦስት ፊደል ተከታታዮች አስቀድሞ በማውጫ ስለሚመዘግብ፣ ጥያቄ ሲቀርብለት ሊመሳሰሉ የሚችሉትን ፋይሎች ብቻ ለይቶ ስለሚመረምር ነው። ምዝገባም ሆነ ክፍያ አይጠይቅም፤ መደበኛ አገላለጾችን (regular expressions፣ የጽሑፍ ቅርጽን የሚገልጹ የፍለጋ ቀመሮችን) ይቀበላል፤ ውጤቱንም በጥቅል (ፕሮግራሙ ታሽጎ በሚቀርብበት ፓኬጅ) ስም ማጥበብ ይቻላል። ኢንተርኔት በሚዘገይበት ሰዓት ሙሉውን ፕሮጀክት ሳያወርዱ አንዲት መስመር ብቻ ማንበብ መቻል ትልቅ እፎይታ ነው።

የሚፈትሸው ግን በዴቢያን ውስጥ የታሸጉትን ፕሮግራሞች ብቻ ስለሆነ፣ ገና ያልገባ አዲስ ፕሮጀክት አይገኝበትም። ሰነድ ለሚፈልግ ሰው የዴቢያን የመመሪያ ገጾች ለብቻቸው አሉ፤ እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ፣ መመሪያው የሚለውን ከኮዱ ጋር እያስተያየሁ እሠራለሁ።