የእናቴን አፍ ጊዜ ሰጥታ ላየችልን የደሴዋ ባለሙያ፣ ምስጋናና ጥቆማ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የደሴና የአካባቢው ሰዎች።

ይህን የምጽፈው ለምስጋና ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምትሠራ የጥርስ ባለሙያ አለች። እናቴን ከሰው ጋር መልሳ አገናኝታልኛለች። ስሜን አደባባይ አታውጪ ስላለችኝ ቃሏን አከብራለሁ፤ አድራሻዋን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ግን "ጎበዝ ናት፣ ሂዱላት" ብዬ ብቻ ማለፍ አልፈልግም። ቤታችሁ አርቴፊሻል ጥርስ የሚያደርጉ እናት ወይም አባት ካሉ፣ ያደረገችውን ብነግራችሁ ይጠቅማችኋል።

እናቴ የምትኖረው ሐይቅ ነው። የላይም የታችም ጥርሷ የሚወልቅ ነው፤ ካሠራችው 6 ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ምንም አላስቸገራትም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ይላላባት ጀመር። ከመድኃኒት ቤት የጥርስ ማጣበቂያ ገዛንላት። ለጥቂት ሳምንት ደህና ያዘ። ከዚያ ጠዋት የቀባችው ለረፋድ ቡና እንኳ አልደርስ አለ። ቶሎ ቶሎ ትቀባ ጀመር። ሌላ ዓይነት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። እሱም ያው። መጨረሻ ላይ አንዱን ቱቦ በሁለት ሳምንት ትጨርሰው ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤት ቤት ቡና ተፈልቶ ዱዓ እያደረገች ነበር። እናቴ ዱዓዋ ያምራል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያስቀድመው እሷን ነው። ሰዉ "አሚን" እያለ እሷ ስትቀጥል የላይኛው ጥርስ ወርዶ ምላሷ ላይ አረፈ። አፏን በሻሿ ሸፍና ተነሳች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ቡና ሲጠሯት "አሞኛል" ትላለች። ይህንን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፣ ጎረቤቷ ናት። በጣም ነው ያዘንኩት።

እኔ ማጣበቂያው ፎርጅድ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ወደ ባለሙያዋ የወሰድኳትም የተሻለ ማጣበቂያ ታዝልን ብዬ ነው። እሷ ግን ስለ ማጣበቂያ ገና አልጀመረችም። "እናቴ፣ ጥርሱን ያውልቁልኝና አፍዎን ልይ" አለቻት። ላንቃዋ ላይ ተለጥፎ የቀረውን የቆየ ማጣበቂያ በፋሻ ቀስ እያለች ጠረገችላት። ሥሩ ቀይ ነበር፤ ልክ በጥርሱ ቅርጽ የተሳለ ቅላት። ከዚያ ትንሿን መስታወት የእናቴ ጉንጭ ውስጥ አስገባችና ስትስባት መስታወቷ አብራት ቆዳውን ሳበች። ተጣብቃ ነበር። "አየሽ?" አለችኝ። "ምራቅ ያለው አፍ ላይ ይህ ይንሸራተታል። እናታችን አፋቸው ደርቋል።"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ ጥርሱን ላንቃ ላይ የሚይዘው በዋናነት ምራቅ ነው። በጥርሱና በላንቃው መሃል ያለችው ስስ የምራቅ ሽፋን ናት ሁለቱን የምታያይዘው፤ ሁለት እርጥብ ብርጭቆ ተደራርቦ አልላቀቅ እንደሚለው። ማጣበቂያውም ብቻውን አይሠራም። ለእናቴ ያስረዳችበትን መንገድ አልረሳውም፦ "አብሽ ያውቁ የለ? ደረቁን ዱቄት ቢይዙት አይጣበቅም። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይለጠጣል። ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ይቀጥንና ይሄዳል። ይህም እንደዚያ ነው።" እናቴ ሳቀች። ከሁለት ወር በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

አፍ ሲደርቅ እንግዲህ ማጣበቂያው የሚያብጥበትን ውሃ ያጣል። ምራቅ ከበዛ ወይም ትኩስ ነገር ከተደጋገመበት ደግሞ ቶሎ ይሟሟል። እናቴ ሁለቱም ነበረባት። አፏ ደረቅ ነው፤ በላዩ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለች የሚፋጅ ቡና ትጠጣበታለች። የታችኛው ቀድሞ የሚለቀውም በምክንያት ነው። የላይኛው ሰፊ ላንቃ ላይ ያርፋል፣ የታችኛው የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው። ምላስ ይገፋዋል፣ ምራቅም ከምላስ ሥር እየተጠራቀመ ያጥበዋል።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? የደም ግፊት፣ አንደኛው የሚያሸና። ማታ ማታስ? ለማስነጠስ ብላ ከመድኃኒት ቤት የገዛችው የአለርጂ ኪኒን ነበር፤ ከመኝታ በፊት ከወሰደችው ወራት ሆኗታል። እኔ ልጇ አላውቅም ነበር! ሁለቱም ዓይነት ኪኒን አፍ ያደርቃል አለችን። የግፊቱን ግን እንዳታቋርጥ አጥብቃ አስጠነቀቀቻት፤ ለሐኪሟ የምንሰጠው ወረቀት ጻፈችልን። ሐኪሙ የአለርጂውን አስቆማት፣ የግፊቱ እንዳለ ቀጠለ።

የማጣበቂያውን ቱቦም አገላብጣ ጀርባውን አነበበች። ዚንክ እንዳለበት እያየች ነበር። እጅ እግርዎን ያደነዝዝዎታል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ደግነቱ የለባትም፣ አልሐምዱሊላህ። ቤት ገብቼ ሳነብ ነው የጥያቄዋ ክብደት የገባኝ። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ባወጡት ጽሑፍ፣ ዚንክ ያለበትን ማጣበቂያ ለዓመታት ከልክ በላይ የተጠቀሙ ሰዎች ሰውነታቸው ውስጥ ያለው መዳብ ወርዶ ነርቫቸው ተጎድቶ ተገኝቷል። በሳምንት ሁለት ቱቦና ከዚያ በላይ የሚጨርሱ ነበሩ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እንደሚለው 68 ግራም ቱቦ ለላይም ለታችም ቢውል ከ7 እስከ 8 ሳምንት መቆየት አለበት። የእኛ በሁለት ሳምንት ማለቁ ብቻውን ይጮህ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት "ሌላ ግዙ" የሚል ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ ድዱ ነበር። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ዓመት በፍጥነት፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ፣ የታችኛው ከላይኛው ይበልጥ። ጥርሱ የተሠራው ከ6 ዓመት በፊት በነበረው አፏ ልክ ነው፤ የእናቴ አፍ ግን ተለውጧል። ያንን ክፍተት በማጣበቂያ መሙላት አይቻልም። ማጣበቂያ ልኩ የሆነ ጥርስን ያግዛል እንጂ የላላውን ልክ አያደርግም።

የተሻለ ቱቦ ሸጣልን ልትሸኘን ትችል ነበር። እኛም አመስግነን እንሄድ ነበር። እሷ ግን ምንም ሳትሸጥልን ለሁለት ሳምንት መለሰችን። ቅላቱ የአፍ ፈንገስ ስለሆነ መጀመሪያ መዳን አለበት፣ ያበጠ ድድ ላይ ልክ ቢወሰድ ልኩ ውሸት ይሆናል አለችን። የሚቀባ መድኃኒት ታዘዘላት። ማታ ማታ ጥርሱን አውልቃ ውሃ ውስጥ እንድታሳድረው ነገረቻት። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ይታጠባል። በፈላ ውሃ ግን በፍጹም፣ ቅርጹ ይጣመማል። እናቴ 6 ዓመት ሙሉ ጥርሷን ሳታወልቅ ነበር የምትተኛው። ማንም አልነገራትም።

ስንመለስ ቅላቱ ጠፍቶ ነበር። ልክ ወሰደችና የጥርሱን ውስጥ በአዲስ ሞላችው። አዲስ ጥርስ አሠሩ አላለችንም፣ ወጪያችንንም አስባለች። ስታስገባላት በጣቷ የላዩን ጎትታ ሞከረች፤ አልመጣም። "እስቲ ሰላሳ ሰባት ይበሉ" አለቻት። እናቴ አለች። "ሰ"ዋ ጥርት ብላ ወጣች።

አሁን ማጣበቂያ የምትጠቀመው ራቅ ወዳለ ቦታ ስትሄድ ብቻ ነው። ያውም ከሽንብራ ፍሬ ያነሰች ጠብታ ሦስት ቦታ፣ ከጠርዙ ራቅ አድርጋ። አፏ ደረቅ ስለሆነ ጥርሱን ቀድማ በውሃ ታረጥበዋለች። ከዚያ ነክሳ ትንሽ ትቆያለች፣ ወዲያው ትኩስ አትጠጣም። ቡናውም በረድ ብሎ ነው። ረመዳን ላይ ከሰዓት በኋላ አፏ ክው ብሎ ሲደርቅ ምን ታድርግ ብዬ ጠይቄላት ነበር። ቤት ስትሆን አውልቃ ውሃ ውስጥ ታስቀምጠው፣ ድዱም ይረፍበት አለችኝ። እንዲያ አድርጋ ጾመች።

ያለፈው ዓርብ ሐይቅ ነበርኩ። ጎረቤት መጥቶ ቡና ጠራት። ሻሿን አስተካክላ ወጣች፣ ተከተልኳት። ዱዓውን እሷ ጀመረች። እኔ በር ሥር ተቀምጬ ዓይኔ እንባ ሞላ።

እህቴ፣ ጀዛኪላሁ ኸይር። እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ።

ወደ እሷ የምትሄዱ ደግሞ ወላጆቻችሁ የሚውጡትን ኪኒን ሁሉ፣ ያለ ትዕዛዝ የገዙትንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የማጣበቂያውን ቱቦም እንዳትረሱ፤ መቼ እንደገዛችሁትና ስንት ቀን እንደቆየ መጠየቋ አይቀርም።