ከስኮርታ ጎማ ጋር የሚታሰር የቆሻሻ ከረጢት፦ ከወራት ጉዞ በኋላ

የኋላ በር ላይ በሚሰቀለው ስኮርታ ጎማ የሚታሰረውን ይህን ከረጢት መጠቀም የጀመርኩት ክረምቱ እንደወጣ ነው። አሁን በልጉ እየተጋመሰ ነው፤ እስካሁን አዋሽን፣ ላንጋኖን፣ የመንዝ ጓሳንና ባሌን አብሮኝ ዞሯል። ለቸኮለ አንባቢ፦ ቀን ለመንገድ እጅግ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሌሊት ግን ውጭ የሚያድር ዕቃ አይደለም። ሲሸጥ የሚነገረው የመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ይበልጥ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወደ 50 ሊትር የሚይዝ ወፍራም የናይለን ሸራ ነው። ረጅም ጠፍሩ ጎማውን ዙሪያውን ያቅፈዋል፣ ከታች ያሉት ሁለት አጫጭር ማሰሪያዎች ደግሞ እንዳይወዛወዝ ይይዙታል፤ አፉን ሰፊ ክዳን ይሸፍነውና በዘለበት ይቆለፋል። ከሥሩ የዝናብ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት። እኔ አሮጌ ፕራዶ ላይ ነው ያሰርኩት። ሃርድቶፕም ሆነ ቪታራ፣ ስኮርታው የኋላ በር ላይ እስካለ ድረስ ይሆናል።

ቆሻሻን ውጭ ማሰር ለምን እንደሚያስፈልግ ከቤተሰብ ጋር ድንኳን ይዞ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ፒስታው ላይ አቧራ ስለሚገባ መስኮት ይዘጋል፤ ከዚያ የሽንኩርት ልጣጩ፣ የተረፈው ወጥ፣ የሥጋው አጥንትና የሕፃኑ ዳይፐር እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ አብሮ ይጓዛል። ብዙዎቻችን ማዳበሪያ ውስጥ ከተን ፖርቶመጋላ ላይ እንጭናለን። ችግሩ ማዳበሪያው ፀሐይ ሲበላው መበጣጠሱ፣ ነፋሱም ፌስታሉን እየመዘዘ ሜዳው ላይ መዝራቱ ነው። ከዚያ በላይ ግን አንድ የሙዝ ልጣጭ ለመክተት ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው የለም። ይህ ከረጢት እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው ያለው። መንገድ ላይ ሻይ ለመጠጣት በቆምን ቁጥር ልጆቹ ራሳቸው ይከቱበታል፤ የወደድኩትም ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

አዋሽ ላይ ሙቀቱ ፈተነው። እየሄድን ሳለ ጠረን የሚባል ወደ ውስጥ አልገባም፤ ስንቆም ግን ዝንቡ ወዲያው ከበበው፣ የሐብሐቡም ውሃ በሥሩ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ፓራውልቱን አዥጎረጎረው። እርጥብ ነገር በሁለት ላስቲክ ካልታሰረ የሸራው ውፍረት ብቻ አይበቃም። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። ዘለበት መፍታት አይችሉም፣ ግን መፍታትም አያስፈልጋቸው፤ ክዳኑን በጎን ጎትተው እጃቸውን ይሰዳሉ። መኪናው አጠገብ ሰው ከሌለ ከረጢቱ ተፈትቶ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ጓሳ ላይ ግን ጭላዳዎቹ ሣራቸውን ሲግጡ ውለው ከረጢቱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

ባሌ ላይ ጉዳዩ ከዕቃ ጥራት ያልፋል። ሳነቲ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር ነው፤ ብርዱ ቆሻሻውን ስለሚያቀዘቅዘው ጠረን አይሰማም፣ ዝንብም የለም። ሰው የሚዘናጋው እዚህ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ደግሞ ባሌ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው አይጥ አድኖ ነው፤ የእኛ ፍርፋሪ አያስፈልገውም። ፍርፋሪ የሚጠራው ውሻን ነው። ውሻ አጥንት ባገኘበት ቦታ ይመላለሳል፣ ከእሱም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል። በፈረንጆቹ 2003 የእብድ ውሻ በሽታ የዌብ ሸለቆ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ዲስተምፐር የሚባለውም የውሾች በሽታ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ጎድቷቸዋል። ስለዚህ ሳነቲ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው አጥንት ቀብሬያለሁ ቢል አይበቃም፤ ውሻም ጅብም ቆፍሮ ያወጣዋል። ወደ መጣበት ይዞት መመለስ አለበት።

ያም ሆኖ ሌሊቱን ከረጢቱን ስኮርታው ላይ ትቶ መተኛት ቆሻሻውን መሬት ላይ ከመተው ብዙ አይለይም። ጅብ ናይለን አይበግረውም። ቀንም ቢሆን ዲንሾ ላይ ለእግር ጉዞ ስንወጣ ያ ምንቃሩ ወፍራም ቁራ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ጠርዙን ሲተለትለው ደርሰንበታል። የእኔ መላ ክዳኑ ግጥም የሚል ትልቅ የቀለም ባልዲ ነው። ሲመሽ ላስቲኩን ከነቆሻሻው ከከረጢቱ አውጥቼ ባልዲው ውስጥ እከታለሁ፤ ባልዲው መኪናው ውስጥ ያድራል። ጠዋት ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። ባልዲ ከሌላችሁ ይህን ከረጢት ብቻውን አትግዙ እላለሁ፤ ሁለቱ አብረው ነው ሥራ የሚሠሩት።

ጥንካሬውን በተመለከተ ሸራው ራሱ አልተቀደደም። ቀለሙ ለቋል፣ አንዱ የላስቲክ ዘለበት በኮረኮንቹ ተሰብሮ በብረት አስቀይሬዋለሁ። የላይኛው ጠፍር በሩን እየፈተገ የመኪናውን ቀለም መላጥ ሲጀምር ከሥሩ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አደረግሁበትና ቆመ። አቧራውን ግን መከላከል አይቻልም፤ መኪና ሲሄድ አቧራውን ወደ ኋላ በሩ ስለሚስበው ከረጢቱ ሁሌ ዱቄት ለብሶ ነው የሚውለው። እጥበቱ ቀላል ነው፤ ገልብጦ በኦሞ ማሸትና ፀሐይ ላይ መስቀል ነው።

ስታስሩት ታርጋውን፣ የፍሬን መብራቱንና ፍሬቻውን እንዳይሸፍን ከኋላ ቆማችሁ እዩ፤ ከሞላ በኋላም ወደ ታች ስለሚወርድ ድጋሚ እዩት። ከማርሚታው የሚወጣው ትኩስ ጭስ ናይለን ስለሚያቀልጥ ከጭስ ማውጫው በደንብ መራቅ አለበት። የቢራ ጠርሙስ አትጫኑበት፤ በሩ ማጠፊያ ላይ ያለው የጎማው ክብደት ብቻውን ይበቃዋል። የከሰል አመድ ደግሞ የጠፋ ቢመስልም ፍም ስለሚደብቅ በፍጹም አይገባበትም።

ሃይላንዱን ለብቻው እይዛለሁ። መንገድ ዳር ያሉ ልጆች ባዶ ሃይላንድ የሚለምኑት ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ውሃና ዘይት ይያዝበታል። ስለዚህ ንጹሑን ከቆሻሻው ጋር አልቀላቅለውም፤ መኪናውን አቁሜ በእጃቸው እሰጣለሁ። ከሚሄድ መኪና መወርወር ልጆቹን ወደ አስፋልቱ መጥራት ነው፣ ይህንን የሚያደርጉ መኪኖችን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። የቀረው አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። ጣሳውን ቆራሌው ይወስደዋል፣ ሌላውን የሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ለውስጥ የምጠቀመው ውስጡ ላስቲክ ያለውን፣ በደንብ የታጠበ ማዳበሪያ ነው። ከፌስታል ይሻላል፤ አጥንት አይበሳውም።

የእኔን ከረጢት ከአሜሪካ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ግን የግድ ከዚያ መምጣት የለበትም። አንድ ጓደኛዬ የእኔን እንደ ናሙና ወስዶ መርካቶ የጭነት መኪና ሸራ ከሚሰፉ ሰዎች ዘንድ አሰፍቶታል። የእሱ ይከብዳል፣ ከታጠበ በኋላም ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ስፌቱ ግን ከእኔ ይጠነክራል፣ ክዳኑም እስከ ወገቡ ስለሚወርድ ለዝንጀሮ እጅ አይመችም። አሁን ድጋሚ ብገዛ የእሱን ዓይነት ነው የማሰፋው። ስኮርታው ከሥር የሚሰቀልባቸው እንደ ላንድክሩዘር 100 እና 200 ያሉ መኪኖች ያሏችሁ ግን ከረጢቱን የምታስሩበት ቦታ ስለማይኖራችሁ በባልዲው ብቻ ብትጀምሩ ይሻላል።