በራሱ የሚጠቁረው የብየዳ ማስክ፦ ልጆቹ ሳይለመኑ የሚያደርጉት

በር፣ መስኮትና አጥር የምንሠራ ትንሽ ብረታ ብረት ቤት አለን። ለበያጆቹ ከመርካቶ በራሱ የሚጠቁረውን ማስክ ገዛንላቸው፣ ጥቂት ወራትም ሠሩበት።

ማስክ ድሮም ነበረን፣ በእጅ የሚያዘው። ግን አንዱ እጅህ ማስክ፣ ሌላው ፒንሳ ከያዘ ብረቱን ማን ይያዝልህ? ልጆቹ ጥለውት በፀሐይ መነጽር ይበይዱ ነበር። የፀሐይ መነጽር ደግሞ ለዚያ ብርሃን ምንም ማለት አይደለም፣ በጎንም ክፍት ነው። ማታ ዓይናቸው አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራቸዋል፣ እንቅልፍ የለም፣ ድንች ቆርጦ መለጠፍ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል፤ እኛም አቅርበናል እኮ፣ ማን አደረገው?

ይሄኛው ራስ ላይ ይታሰራል፣ ሁለቱም እጅ ነፃ ነው። ሳትጀምር ብረቱን በመስታወቱ አጥርተህ ታያለህ፣ ኤሌክትሮዱ እሳት ሲጭር ዓይንህ ሳይርገበገብ ይጠቁራል። የጥቁረቱ ደረጃ ከ9 እስከ 13 በማዞሪያ ይስተካከላል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣላቸው ወደዱት፤ የዓይናቸው ጉዳይ ምርቃት ነው።

ሳይጠቁር ቢቀርስ? ደህና ማጣሪያ ከሆነ ጠቆረም አልጠቆረም አልትራቫዮሌቱን ያግዳል፣ የሚቀረው ድንገት የሚያጭበረብረው ብርሃን ነው። ስለዚህ መስታወቱ ላይ «ኢኤን 379» (EN 379፣ የአውሮፓ ደረጃ) የሚለውንና እንደ 1/1/1/2 ያሉትን የእይታ ጥራት የሚያሳዩ አራት ቁጥሮች እዩ፣ 1 ምርጡ፣ 3 ደካማው ነው። ጽሑፍ ማንም ያትማል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሱቅ ውስጥ በላይተር ብልጭታ መሞከር ይቻላል፣ ግን የሚያሳየው መጥቆሩን ብቻ ነው፤ ማገዱን አያሳይም።

ቅሬታዬ ሱቁ ላይ ነው። የፊቱ መከላከያ ፕላስቲክ በፍንጣሪ ቶሎ ይበላሻል፣ መቀየሪያ ስጠይቅ «ሌላ ማስክ ግዛ» አሉኝ። ለዚች ስስ ፕላስቲክ! መቀየሪያውን አብራችሁ ካላገኛችሁ አትግዙ። ደጅ ፀሐይ ላይ ሲሠራም ዝም ብሎ ይጠቁራል፣ ለብርሃን ያለውን ስሜት (ሴንሲቲቪቲ) የሚያስተካክለውን ማዞሪያ ዝቅ ማድረግ ነው። ጭሱን ግን አይከለክልም፤ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ የበየደ ልጅ ማታ ብርድ ብርድ ካለው ከዚንኩ ጭስ ሊሆን ይችላል፣ ለሱ አየር የሚገባበት ቦታና የጭስ ማስክ ለብቻው ያስፈልጋል።

ለበርና መስኮት ሥራ ግዙት እላለሁ። ቲግ (በጋዝና በተንግስተን ዘንግ የሚበየደውን) የምትሠሩ ግን አራት ዳሳሽ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚያይ ሴንሰር፣ ያለውን ፈልጉ፤ የኛ ሁለት ብቻ ስላለው በትንሽ አምፒር ስንሠራ ብልጭ ድርግም ይላል።